አዲሷ ጥርስ

«በዚህ ቤት ውስጥ እኔ የማላውቀው ነገር የለም!» አለች ሬዲዮ ካውያውን እየገፋች። ማንም አልጠየቃትም። እናቷ ሦስት ስፒል በከንፈሯ ነክሳ የልብስ ስፌት መኪናው ላይ አጎንብሳለችና «ህም» ከማለት በላይ መመለስ አትችልም፤ ሬዲዮም ትልልቅ ንግግሮቿን የምታደርገው ስፒሎቹ አፍ ውስጥ እስኪገቡ ጠብቃ ነው። ማስረጃዋን ደረደረች። የላይኛው ፎቅ ነርስ ካምና ወዲህ ወገቧ በአራት ሴንቲ ሜትር እንደሰፋ ታውቃለች፤ ነርሷ ራሷ ግን ገና አልሰማችም። ከጎን ያለው ጫማ ጠጋኝ ማስቲሽ ሲያልቅበት ለደንበኛ «ነገ» እንደሚል፣ ማስቲሽ ሲኖረውም «ነገ» እንደሚል ታውቃለች። አባቷ፣ የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ በየሁለት ሳምንቱ ሲመጣ ከመኪናው ወርዶ መጀመሪያ የቱን ጉልበቱን እንደሚያሽ ታውቃለች። ስሙን ያወጣላት እሱ ነው። «ጎህ ሲቀድ ይከፈታል፣ መዝጊያው የት እንዳለ ግን የሠራውም አያውቅ» ብሎ ሬዲዮ አላት፤ እሷም እንደ ሹመት ተቀበለችው። አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከሰባተኛ ክፍል ወዲህ እሷና ትምህርት ቤቱ ተኳርፈዋል፤ ማን ቀድሞ እንዳኮረፈ እስካሁን አልተጣራም።

ታዲያ ያን ሁሉ የምታውቅ ልጅ የጓዳውን በር አታውቀውም ነበር። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛው ሱቅ፣ የኋለኛው ጓዳ። ከአራት ወር ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ እናቷ «ራሴን ይዞኛል፣ ጋደም ልበል» ትልና ጓዳ ትገባለች። ከዚያ ቁልፉ ይዞራል። ያ ቁልፍ ሬዲዮ ከተወለደች ጀምሮ ዝጎ በሩ ላይ ተሰክቶ የኖረ፣ ልብስ ከመስቀል ሌላ ሥራ ያልነበረው ቁልፍ ነው። እናቷ ግን በመኪና ዘይት አለስልሳ አሠራችው። ሬዲዮ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ አዳምጣለች፦ የጠርሙስ ክዳን ሲከፈት፣ ከዚያ ትኩስ ነገር ፉት የሚል ሰው የሚያሰማው ዓይነት «እስስ» የሚል ትንፋሽ፣ ከዚያ ዝም። መጀመሪያ እናቴ ታለቅሳለች አለች። ቀጥላ ቸኮሌት ደብቃ ትበላለች አለች፤ ይሄኛው ይበልጥ አንገበገባት። አባቷ በሌለባቸው ሌሊቶች እናትና ልጅ በአንድ አልጋ፣ በአንድ ብርድ ልብስ፣ እግር ለእግር ተቆላልፈው ነው የሚተኙት። እንዲህ እየተኙ በቁልፍ መዝጋት ምን ማለት ነው? ሬዲዮ ለማንም አትናገረው እንጂ (ይህን አንዱን ለማንም አልተናገረችም) የምትፈልገው ያ ቁልፍ እሷ ከውስጥ ሆና እንዲዞር ነበር።

ሱቁ ሦስት እርምጃ በአራት ነው፤ ወፍራም ሰው ከገባ ሁለት በሦስት ይሆናል። የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ ከጥጉ የተሰነጠቀ ረጅም መስታወት፣ አንድ የሚወዛወዝ ወንበር። ግድግዳው ላይ በካርቶን የተጻፈ ዋጋ አለ፦ ሱሪ ማሳጠር ሰማንያ፣ ዚፕ መቀየር መቶ ሃያ፣ ኮሌታ መገልበጥ መቶ። ከሥሩ በሌላ እጅ ጽሑፍ «ዛሬ ካልደረሰልኝ ለሚል፣ እጥፍ» ይላል። ይህ የሬዲዮ ነው፤ እናቷ አይታ አልሳቀችም፣ ግን አልቀደደችውም። እናቷ ከንጋት እስከ ማታ አረንጓዴ ሻሽ አስራ ትውላለች፤ አስራም ታድራለች። ሬዲዮ የጨርቅ ብናኝ ለመከላከል ይመስላት ነበር። እንዲህ ነው፣ ሰው ሁሉን አውቃለሁ ሲል ከአፍንጫው ሥር ያለውን አይጠይቅም።

የዚያን ቀን፣ ቅዳሜ፣ ነርሷ ለምትሠራበት ክሊኒክ አምስት ነጭ ጋዋን ታዞ ነበር። እናቷ የልብስ ቁልፍ አለቀባትና ለመግዛት ወጣች። ስትወጣ ጣቷን ቀስራ «ካውያውን ትነኪያለሽ፣ መቀሱን አትነኪም» አለች። ባለፈው ወር ሬዲዮ ሁለቱንም ግራ እጅጌ አድርጋ የቆረጠችው ኮት ገና አልተረሳም። ሬዲዮም መቀስ አልነካችም፤ ቃሏን አክባሪ ናት። ግን የጋዋኖቹ ኪስ የት እንደሚሰፋ ምልክት ማድረግ መቀስ ነው እንዴ? አይደለም። ምልክት የሚደረገው በካርቦን ወረቀት ላይ በምትነዳ፣ እጀታ ባላት ትንሽ ጥርሳም ጎማ ነው፤ ስትሽከረከር ወረቀቱን እየወጋች ከሥሩ ጨርቁ ላይ የነጠብጣብ መስመር ትጥላለች። እናቷ «ጥርሷ» ነው የምትላት። ሬዲዮ ጥርሷን ፍለጋ መሳቢያውን በረበረች። ጥርሷ የለችም። ከመሳቢያው ጥግ ግን የአባቷ የአንድ እግር ካልሲ ተጠቅልሎ፣ ካልሲው ውስጥ ብርጭቆ የመሰለች ትንሽ ሳጥን፣ ሳጥኗ ውስጥ ደግሞ እጀታዋ ሐምራዊ የሆነች፣ አዲስ፣ የምታብረቀርቅ ጥርስ አገኘች። እንደ አሮጌዋ አንድ ረድፍ አይደለችም፤ ከአውራ ጣት የምትወፍር፣ ዙሪያዋን ፀጉር በሚያህሉ መርፌዎች የተሞላች ነበረች። «አሃ!» አለች ሬዲዮ። «አዲስ ጥርስ ገዝታ ደብቃብኛለች። አበላሽብኛለች ብላ!» ሆዷ ባባ። ወዲያውም እልህ ያዛት። ዛሬ አምስቱንም ኪስ ምልክት አድርጌ፣ አሰልፌ፣ እናቴን እጅ በአፍ አስጭናታለሁ አለች።

ካርቦኑን አነጠፈች፣ ነዳች። ወረቀቱን ስታነሳ መስመር የለም። ነጩ ጨርቅ ላይ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ሰማያዊ የመኪና መንገድ ተዘርግቷል። ምናልባት አልተጫንኩ ይሆናል ብላ በክንዷ ሁሉ ኃይል ደገመችው፤ ሦስተኛም፣ አራተኛም ሞከረች፤ ጠረጴዛው ላይ ሳይቀር አንኳኳቻት። መንገዱ ሰፋ እንጂ አልጠበበም። የእናቷ እርምጃ ደጅ ላይ ሲሰማ ጨርቁን ከጋዋኖቹ ክምር ሥር ቀበረችው፣ ጥርሷን ሳጥኗ ውስጥ፣ ሳጥኗን ካልሲው ውስጥ፣ ካልሲውን መሳቢያው ውስጥ፣ ራሷን ካውያው ኋላ ከተተች።

ምሳ ላይ እናቷ ብዙም አልበላች። «አባትሽ ነገ ይመጣል» አለች። «አውቃለሁ» አለች ሬዲዮ። እናቷ ሻሿን በጣቷ ወደ ግንባሯ ጎተት አደረገች፣ ተነሳች፣ መሳቢያውን ከፍታ የሆነ ነገር በጉያዋ ከተተችና «ራሴን ይዞኛል» ብላ ገባች። ቁልፉ ዞረ። ሬዲዮ እንደ ልማዷ ጆሮዋን ለጠፈች። ክዳን። ትንፋሽ። ከዚያ ግን ያልተለመደ ነገር ሰማች፦ «እህ!» የሚል፣ ሰው ሳያስበው የሚያመልጠው ድምፅ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እህ!»። እናቷ ጣቷን መርፌ ወግቷት እንኳ ትንፍሽ የማትል ሴት ናት።

ነርሷ ጋዋን ለመለካት ስትመጣና እናቷ ከጓዳ ስትወጣ አንድ ሆነ። ነርሷ አንድ እጅጌ አጥልቃ ቆመች። «እትዬ፣ ግንባርሽ ላይ ምንድን ነው?» ከሻሹ ሥር ቀጭን የደም ክር ወርዷል፤ ክሩ ውስጥ ሰማያዊ ነገር አለ። እናቷ በመዳፏ ጠረገችውና «ምንም» አለች። ነርስ ግን «ምንም» የሚለውን በሽታ በቀን ሰላሳ ጊዜ ስለምትሰማው ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ መለሰቻት። በጥድፊያው ቁልፉን ያዞረ ሰው አልነበረም፤ በሩም አንድ ጣት ያህል ክፍት ቀረ።

ለሬዲዮ አንድ ጣት ይበቃታል። እናቷ በርጩማው ላይ፣ ከደብዛዛው አምፖል ሥር፣ ያለ ሻሽ ተቀምጣለች። አናቷ ላይ፣ ክርኑ እንደሳሳ ሹራብ፣ ፀጉሩ አልቆ ቆዳው ይታያል። ቦታው የእጅ መዳፍ ያክላል። ሬዲዮ እናቷን ያለ ሻሽ ካየች ስንት ጊዜ እንደሆናት ለማስታወስ ሞከረች፣ አልመጣላትም። ከዚያ ነጠብጣቦቹን አየች። በተርታ በተርታ፣ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ሰማያዊ መንገድ በእናቷ አናት ላይ ያልፋል፤ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ አግድም። ያንን መንገድ ታውቀዋለች። ከጋዋኖቹ ክምር ሥር የቀበረችው እሱኑ ነው።

«ቀለም ነው እኮ!» ትላለች ነርሷ በጥጥ እየነካች። «በምንድን ነው የወጋሽው? እስቲ አምጪው… ይሄ ፀጉር ያበቅላል ተብሎ የሚሸጠው መርፌ ነው፣ አውቀዋለሁ። ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ እሱስ ደህና። ግን እይው፣ እትዬ፣ ጥርሱ ሁሉ ተጣሟል። የተጣመመ መርፌ አይወጋም፣ ይቧጭራል። ቀለሙንም ይዞ ነው የገባው።»

«መነጽሬን አላደረግኩም ነበር» አለች እናቷ በቀጭን ድምፅ። «በአልኮል አጥቤዋለሁ፤ ሁሌ አጥበዋለሁ። በየሁለት ሳምንቱ፣ በስሱ፣ ብላኛለች ሻጯ። ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ከፍዬበት…» ሻሿን ጉልበቷ ላይ አጣጠፈችው። «ባለቤቴ ነገ ይመጣል፣ ሲስተር። አናቴን አላየውም እስካሁን። ሲያገባኝ ‹ፀጉርሽ ውስጥ ጠፍቼ ብቀርስ› ይል ነበር። አሁን ቢገባበት በሁለት ደቂቃ መውጫውን ያገኛል።»

ነርሷ ልትስቅ ከንፈሯ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ተወችው። እስኪድን ምንም ዓይነት መርፌ እንዳይነካው፣ በምትሰጣት መድኃኒት በቀስታ እንዲጠረግ፣ ካበጠ ወይ ካተኮሳት በጠዋት ክሊኒክ እንድትመጣ ነገረቻት። «ደግሞ መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይየው። አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ አይመለስም። የትኛው እንደሆነ በር ቆልፎ አይታወቅም።» ቀጥላ መርፌውን ወደ አምፖሉ አነሳችው። «ሌላ ሰው ነክቶታል እንዴ?»

«ማን ይነካዋል? ካልሲ ውስጥ ነው የሚያድረው። ልጄ እንኳ አታውቅም። እሷ ካወቀች እኮ በሰዓቱ ዜና ይሆናል።»

«እንግዲያው ተበላሽቶ ነው የተሸጠልሽ። ሻጯን ጠይቂያት!»

በሩ ኋላ የቆመችው ሬዲዮ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሰማች። አንደኛው፣ ማምለጫ ተከፍቶላታል። ሁለተኛው፣ በሩ የተቆለፈው በአፏ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ደስ ሊያሰኛት ሲገባ ሁለተኛው ደረቷ ላይ ተቀመጠ።

እናቷ ሻሿን አሰረች፣ ሳጥኗን በፌስታል ያዘች፣ «ነይ» አለቻት ለሬዲዮ፣ ወዴት እንደሆነ ሳትናገር። መዋቢያ የሚሸጥበት ሱቅ ሦስት መታጠፊያ ይርቃል። በአንደኛው መታጠፊያ ሬዲዮ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። በሁለተኛው ጫማ ጠጋኙ «ሬዲዮ! ምን አዲስ ነገር አለ?» ብሎ ሲጮህ በእጇ ብቻ ሰላም አለችው። እናቷ ዘወር ብላ አየቻት። «ምነው፣ ሞገዱ ጠፋብሽ?» ሬዲዮ በእናቷ እጅ ያለውን ፌስታል አየች። አሁን ብትናገር ያ ቁልፍ በእድሜዋ ሙሉ እንደሚዞርባት ታያት። ሚስጥሯን ሳትነግራት ያበላሸችባት ልጅ፣ ብትነግራት ምን ልታደርግ ነው? እናቷ እንዲህ ብታስብ ማን ይፈርድባታል?

ሻጯ ከሬዲዮ በሦስት ዓመት ብትበልጥ ነው፤ ቀጭን፣ ጥፍሯን በግማሽ ቀለም የተቀባች ልጅ። እናቷ ሳጥኗን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና በዚያ በዝቅተኛ፣ ደንበኛ ሲያታልላት በምትናገርበት ድምፅ፣ «የኔ እናት፣ አምኜሽ ነበር» አለች። ሻጯ ጎማውን አየችው፣ ፊቷ አመድ መሰለ። «እኔ… እትዬ፣ እሽጉን እኮ ፊትሽ ነው የቀደድኩት! አራት ወር ሠርተሽበት የለ? የሱቁ ባለቤት ከሰማ ዛሬውኑ ነው የሚያባርረኝ፤ ባለፈው ሳምንት በአንዲት ሽቶ ምክንያት…» ዓይኗ በእንባ ሞላ። መርፌዎቹን አገላብጣ ታይ ጀመር። «ይሄ ሰማያዊው ግን ምንድን ነው? እኛ ጋ እኮ ሰማያዊ ነገር የለም።»

«ካርቦን ነው» አለች ሬዲዮ።

እናቷ ዞረች።

«ካርቦን ነው፣ እማ። ጥርሷ መስላኝ ነው። አዲስ ጥርስ ገዝተሽ የደበቅሽብኝ መስሎኝ… ኪስ ምልክት ላደርግባት። አልሠራ ስትለኝ ተጫንኳት። ጠረጴዛው ላይም አንኳኳኋት። ጋዋኑም ከክምሩ ሥር ነው። ሻጯ ምንም አላደረገችም።» ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናግራ ሲያልቅባት ወለሉን አየች። ሱቁ ውስጥ የሽቶ ጠርሙሶች ብቻ ነበሩ የማያፍሩ። እናቷ ሳጥኗን ከባንኮኒው አነሳች። ሻጯን ትከሻዋን ነካ አድርጋ «ይቅር በዪኝ፣ ልጄ» አለቻት። ለሬዲዮ ምንም አላለችም።

በመንገድም ምንም አላለችም። ሦስቱን መታጠፊያ ከፊት ከፊት ሄደች፤ ሬዲዮ የአረንጓዴውን ሻሽ ቋጠሮ እያየች ከኋላ ተከተለች። ቢቆጧት ትመልሳለች፤ መልስ እዳ የሌለበት ሀብቷ ነው። ለዝምታ ግን የሚሆን ቃል አልነበራትም። ቤት ሲደርሱ እናቷ ከክምሩ ሥር ጋዋኑን አወጣች፣ ሰማያዊውን መንገድ ከዳር እስከ ዳር በጣቷ ተከተለችው፣ አጥፋ አስቀመጠችው። ሐምራዊዋን ጥርስ ከነሳጥኗ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለች። ከዚያ የነርሷን ጠርሙስና ጥጡን ይዛ ጓዳ ገባች፣ በሩንም ገጥማ ዘጋችው። ሬዲዮ ሱቁ መሃል ቆማ ቁልፉን ጠበቀች። ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ቁልፉ አልዞረም።

«ምን ትገተሪያለሽ?» አለ የእናቷ ድምፅ ከውስጥ። «እጄ አናቴ ላይ አይደርስም። ግቢና ቆልፊው።»

ቆለፈችው። ቁልፉ ከውስጥ ሲዞር የሚያሰማው ድምፅ ሌላ ነበር፤ ወይም ለሬዲዮ እንዲያ መሰላት። እናቷ በርጩማው ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ሻሿን በራሷ እጅ ፈታች። ሬዲዮ እጇን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበች፣ ጥጡን አራሰች፣ የመጀመሪያውን ነጠብጣብ ነካች። እናቷ ትከሻዋን ሰበሰበች። «አመመሽ?» «ካውያ እየገፋሽ አይደለም። ጥጡ ራሱ ይሂድ፤ አንቺ ያዝ ብቻ አድርጊው።» ሬዲዮ እጇን አላላች። አንዱ ነጠብጣብ ለቀቀ፣ ሁለተኛው ደበዘዘ፣ ሦስተኛው እምቢ አለ። ከዚህ ቅርብ ሆና አይታው የማታውቀው የእናቷ አናት የብረትና የሳሙና ሽታ ነበረው። የቀረው ፀጉር ከዳር ሆኖ እንደ ሕፃን ፀጉር ለስልሶ ነበር። በሌላው እጇ፣ ሳታስበው፣ ዳር ዳሩን ታሻሽ ጀመር፤ እናቷም ሳታስበው ራሷን ወደ ኋላ፣ ወደ ልጇ ሆድ፣ አስደገፈች።

«መርፌ መሆኗን ብትነግሪኝ እኮ አልነካትም ነበር።»

«ሬዲዮ ለሚባል ሰው ነው የምነግረው?»

«ለማንም አልናገርም፣ እማ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«ተይ፣ ግንባርስ እኔ የሚተርፍ አለኝ» አለች እናቷ፣ ትከሻዋም ተንቀጠቀጠ። ሬዲዮ ያለቀሰች መስሏት ጎንበስ ብላ አየቻት። እየሳቀች ነበር። ሬዲዮም ጀመራት፤ ጥጡን ይዛ መያዝ እስኪያቅታት ሳቁ።

«አባቴ ግን ምን አገባው?» አለች ሬዲዮ ሳቁ ሲበርድ። «የሱ ግንባር እኮ ማጅራቱ ላይ ከደረሰ ስንት ዓመቱ!»

«የሱን እኔ አይቼበት ዝም አልኩ። የኔን ደግሞ እሱ አይቶ ምን እንደሚል አላውቅም።» ድምፅዋ ወረደ። «ነገ ሻሹን ፈትቼ ልጠብቀው ይሆናል። አላውቅም። እስቲ አንቺ አስቀድመሽ እይው።»

ሬዲዮ ይህን ቃል ሰምታ እንባዋ መጣ፤ እንዳይንጠባጠብ ፊቷን በክንዷ ጠረገች። አየችው። ከፀሐይ ተደብቆ የኖረ ቆዳ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም፤ የሚያስፈራም የሚያስቅም አይደለም። የእናቷ ነው። ጥጡን እየቀያየረች ረድፍ በረድፍ፣ ሳትጫን፣ ከሃያ በላይ ነጠብጣብ ጠረገች፤ እናቷ አንዴም «እህ» አላለችም። እጇ እየተማረ እንደሄደ ተሰማት። ደረቷ ትንሽ ትንሽ እያለ መነፋት ጀመረ፤ አፏም ተመለሰላት። እንዲህ ያለ እጅ እያለ ነው እንዴ የዘጠኝ መቶ ሃምሳ መርፌ የተገዛው? በዚህ እጅ እኮ የቆዳ ሐኪምም ይቀናል! ይህን እያሰበች ወደ መሃል፣ ፍጹም ራቁቱን ወደሆነው ቦታ ስትደርስ፣ እጇ ቆመ። አንድ። አንድ ጥቁር፣ ቀጭን፣ ወደ ላይ የቆመ።

«እማ! በቀለ! ዓይኔ እያየ! መሃል ላይ ነው፣ አንድ ጥቁር ፀጉር! የኔ እጅ እኮ መድኃኒት ነው፤ አንድ ቀን ብቻ ነካሁሽ፣ ይኸው!»

እናቷ ክንዷን በግድ ወደ ኋላ አጥፋ፣ በሁለት ጣቷ ቦታውን ዳበሰች። ያዘችው፣ ሳብ አደረገችው፤ ምንም ሳያማት መጣ። ወደ ዓይኗ አላቀረበችውም፤ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አንዴ አሸት አደረገችው።

«ክር ነው» አለች። «አፍሽን ዝጊና ቀጥዪ።»